ጀበና እስኪፈላ የሚነሳ ኮምፒውተር

(በምሩቃን መሰባሰቢያው ሁለተኛ ቀን ጠዋት የቀረበ ንግግር። ከድምፅ ተገልብጦ በተናጋሪው ጥቂት ታርሟል።)

ከአዲስ አበባ በአምቦና በባኮ አድርጋችሁ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ የመጣችሁ፣ ከጊምቢና ከሻምቡ፣ ከነጆ፣ ከደምቢ ዶሎ የመጣችሁ፣ መንገዱን እኔ አላስታውሳችሁም፤ ወገባችሁ ያስታውሳችኋል።

አዘጋጅ ኮሚቴው ሲደውልልኝ «ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ሀገር ዕድገት አንድ ነገር በል» ነበር ያለኝ። እኔ እዚሁ ነቀምቴ ውስጥ ሁለት በሦስት የሆነች ጥገና ቤት ያለችኝ ሰው ነኝ። ስለ ሀገር ዕድገት መናገር የሚችል ሰው አዳራሹ ውስጥ ሞልቷል፤ አንዳንዶቻችሁ እንዲያውም ደመወዝ የሚከፈላችሁ ለዚያ ነው። (ሳቅ) ስለዚህ ስለማውቀው ነገር ልናገር ብዬ ለመንኩ። እኔ የማውቀው በየሳምንቱ ቢያንስ ሦስት አራት ሰው በሬ ላይ ቆሞ የሚለኝን ነው፦ «የቤቴ ኮምፒውተር ለመነሳት ዘላለም ይፈጅበታል፤ ፎርማት አድርግልኝ።»

ይሄ ፎርማት የሚባለው ነገር በእኛ ከተማ እንደ ፓራሲታሞል ሆኗል። ራስም ታመመ ሆድም ታመመ፣ ፎርማት። እኔም ለብዙ ዓመት ያለ ምንም ጥያቄ ሳድለው ነበር። ለምን እንደተውኩት ልንገራችሁ።

ጥገና ቤቴን በከፈትኩ በሦስተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር መጡ። እዚህ ካላችሁት ውስጥ ያስተማሯችሁ አይጠፉም፤ ስማቸውን አልጠራም። ዴስክቶፑን በጨርቅ ጠቅልለው በባጃጅ ነው ያመጡት። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ከኔ ጋር አብሮ አረጀ። ቁልፉን ተጭኜ አዴ ጀበናውን ትጥዳለች፤ ጀበናው ፈልቶ የመጀመሪያውን ስኒ ስጠጣ ነው ፊቱን የሚያሳየኝ» አሉኝ። እኔ ሳቅኩ። ልቀበላቸውና ለነገ ልቀጥራቸው ስቸኩል አንድም ነገር አልጠየቅኳቸውም። ሁለት ነገር መጠየቅ ነበረብኝ። አንደኛው «የት ላይ ነው የሚቆየው?» ሁለተኛው «ውስጡ ምን አለ?»

ከመጀመሪያው ልጀምር። ኮምፒውተር ሲነሳ ሦስት ቦታ ነው የሚያልፈው፤ ሦስቱም ቦታ የሚያዘገየው ምክንያት የተለያየ ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች እዚያ ጥግ ሆናችሁ «ይሄንንማ እናውቃለን» እያላችሁ እንደሆነ አይቻለሁ፤ ታገሱኝ፣ ዛሬ የመጣሁት ለሒሳብ አያያዝና ለነርሲንግ ልጆች ነው። ቤታችሁ ስትመለሱ የስልካችሁን ሰዓት መቁጠሪያ ክፈቱና ቁልፉን ተጭናችሁ ጠብቁ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ወይም የአምራቹን ስም ብቻ አሳይቶ ስንት ደቂቃ ቆየ? ከዚያ የዊንዶውስ ምልክት ወጥቶ ነጠብጣቦቹ ሲዞሩ ስንት ቆየ? ከዚያ የይለፍ ቃል ካስገባችሁ በኋላ እስክትሠሩበት ድረስ ስንት ቆየ? ሦስቱን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፎ የሚያመጣልኝ ደንበኛ ካገኘሁ ግማሹን ሥራ ሠርቶልኛል፤ ሻይም እጋብዘዋለሁ።

የመጀመሪያው ቦታ ላይ የሚቆይ ከሆነ ዊንዶውስ ገና አልነቃም፤ ስለዚህ ፎርማት ማድረግ ምንም አይፈይድም። እዚያ ላይ የሚሠራው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ ነው፤ ዕቃዎቹን ይቆጥራል፣ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ ይፈልጋል። ከኋላ የተሰካ የተረሳ ፍላሽ ወይም ውጫዊ ሀርድ ዲስክ ካለ ከዚያ ልነሳ ብሎ ሲታገል ሊቆይ ይችላል። ነቅላችሁ ሞክሩ። ብዙ ሰው ገንዘብ ሊከፍለኝ መጥቶ ፍላሹን ነቅዬ ሰጥቼው በነፃ ሄዷል።

ሌላዋ የሲሞስ ባትሪዋ ናት። ሳንቲም የምታህል፣ ቁጥሯ ሲአር 2032፣ 3 ቮልት። እሷ ስትሞት ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ በተነቀለ ቁጥር ሰዓቱንና ቅንብሩን ይረሳል፤ በተነሳ ቁጥር «ለመቀጠል ኤፍ 1 ተጫን» ይላል፤ ዓመቱም ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ዓመቱ ሲዛባ ደግሞ ድረ ገጾች አልከፈት ይላሉ፤ የደኅንነት ማረጋገጫቸው የሚሠራበት ቀን አለው፣ ኮምፒውተሩ ግን ያ ቀን ገና አልደረሰም ብሎ ያምናል። ሰውየው «ኢንተርኔቴ ተበላሸ» ይላል፤ የተበላሸችው ባትሪዋ ናት።

እዚህ ላይ አንዲት ደንበኛዬን ሳላነሳ አላልፍም። ባትሪዋን ቀየርኩላት፣ ቀኑን አስተካከልኩ፣ ሄደች። በሳምንቱ «ኢሜይሌ አሁንም እንቢ አለ» ብላ መጣች። ባየው 2016 ይላል። «ማን ነካው?» ስላት «አንተ 2024 ብለህ ተሳስተህ ስለነበር እኔ አረምኩት» አለችኝ። ኮምፒውተሩን በእኛ ዘመን አቆጣጠር አስገብታው ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶባታል! አትሳቁባት፤ ሰዓቱንም በኛ አቆጣጠር ያስተካከለ ባለ ዲግሪ አውቃለሁ።

ወደ ሁለተኛው ቦታ ስንመጣ፣ ነጠብጣቦቹ የሚዞሩበት ማለት ነው፣ ነገሩ ዲስኩ ጋ ይመጣል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የመምህሩም ነገር እዚህ ነው።

አሮጌው ሀርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ነው፤ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይዞራል። በላዩ ላይ አንድ ክንድ ወዲያና ወዲህ እየዘለለ ያነባል። አንድ ዝላይ ከነመጠበቁ ወደ 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ስለዚህ በሰከንድ መቶ ጊዜ ገደማ ነው መዝለል የሚችለው። ብዙ ይመስላል፣ አይደለም? ግን ዊንዶውስ ሲነሳ የሚፈልጋቸው ትንንሽ ፋይሎች በሺህ የሚቆጠሩና የተበታተኑ ናቸው። የዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ሠራተኛ ብቻ አለ በሉ። አንድ ትልቅ መጽሐፍ ስጠን ብትሉት ቶሎ ያመጣል። ከአምስት ሺህ መጽሐፍ አንዳንድ ገጽ አምጣ ብትሉት ግን ሰውየው በእግሩ ያልቃል። «ፊልም ስገለብጥ ደህና ነው፣ ሲነሳ ብቻ ነው የሚሞተው» የምትሉኝ ለዚህ ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዲስክ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፣ ክንድም ሳህንም የለውም፤ በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ንባብ ያደርጋል። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አንድ ነገር ብቻ መቀየር የምትችሉ ከሆነ እሱን ቀይሩ። ራም ከመጨመርም ሆነ አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛት በፊት።

ይሄ ጤነኛው ሀርድ ዲስክ ነው። የታመመውስ? ሳህኑ ላይ የተበላሸ ቦታ ሲኖር፣ ባድ ሴክተር የሚባለው፣ ዲስኩ «አላነበብኩም» ብሎ ቶሎ ተስፋ አይቆርጥም። ደጋግሞ ይሞክራል። አንዷን ቦታ ለማንበብ ብዙ ሰከንድ ይቆማል። ከውጭ ለሚያየው ሰው ይሄ «ስሎው» ነው። ሰነፍ ኮምፒውተር ይመስለዋል። ውስጡ ግን በሽተኛ ዲስክ የመጨረሻ ጉልበቱን እያወጣ ነው።

ዲስክ ለምን ይታመማል? ዕድሜ አለ፣ መውደቅ አለ። በኛ ከተማ ግን መብራትም አለ። ፊንጫ ከኛው ከሆሮ ጉዱሩ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ እኛ ግን ሻማ የት እንዳለ በጨለማ እናውቃለን። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ እየጻፈ ከነበረ ፋይሉ በግማሽ ይቀራል፤ ሲመለስ ደግሞ ከፍ ብሎ ይመጣና ዕቃ ይመታል። ከዚያ በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሳ «ዲስኩን እየፈተሽኩ ነው» ብሎ ፐርሰንት መቁጠር ይጀምራል። አንድ ጊዜ ቢያደርገው ደህና፣ ይጨርስ ተዉት። በየቀኑ የሚያደርገው ከሆነ ግን ነገር አለ። ዴስክቶፕ ያላችሁ ሰዎች ዩፒኤስ ግዙ፤ አሥር ደቂቃ ብቻ የሚይዝ ቢሆንም፣ ለማጥፋት አሥር ደቂቃ ይበቃል።

እንግዲህ ወደ መምህሩ። እኔ ያን ዕለት ማሽኑን ለኮስኩት፣ ነጠብጣቡ ይዞራል፣ ይዞራል። ውስጡ ቀስ ያለ «ቋ... ቋ...» የሚል ድምፅ ነበረ። ሰምቼዋለሁ። መንገድ ላይ ባጃጅ ይጮሃል፣ ጎረቤቴ ሙዚቃ ቤት ነው፣ እኔም ቸኩያለሁ፤ ግን ሰምቼዋለሁ። ቫይረስ ነው ብዬ ወሰንኩ። ማታ ሙሉውን ዲስክ እንዲፈትሽ አንቲቫይረስ ለቀቅኩበት። ያ አልበቃ ብሎኝ፣ ከዚያ ቀጥሎ ዲፍራግመንት እንዲያደርግ አዘዝኩት፤ ማለትም እየሞተ ያለውን ዲስክ ዕቃህን ሁሉ ከዚህ ጥግ ወደዚያ ጥግ አጓጉዝ አልኩት። ቤቴ ሄጄ ተኛሁ።

ጠዋት ስመጣ ዲስኩ ባዮሱ ላይ እንኳ አይታይም። ሌላ ማሽን ላይ ሰካሁት፣ የለም። ገመድ ቀየርኩ፣ የለም። ቋ ማለቱንም ትቷል።

መምህሩ ሲመጡ «ጋሼ፣ ዲስኩ ሞቷል፣ አዲስ እናስገባለን» አልኳቸው፤ አነጋገሬ የመኪና ጎማ የሚቀየር ነበር የሚመስለው። ዝም አሉ። ከዚያ ያልጠየቅኩትን ሁለተኛውን ጥያቄ መለሱልኝ። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የኦሮምኛ ማማክሳ ይሰበስቡ ነበር። ተረትና ምሳሌ፣ ከነትርጉሙ፣ ማን እንደነገራቸውና በየትኛው መንደር እንደሰሙት ጭምር። ከአርጆ፣ ከጉቴ፣ ከነጆ፣ ከመንዲ ሽማግሌዎች አፍ። ወደ 1,400 ደርሶ ነበር። «ደብተሮቹስ?» አልኳቸው። ጣራው አንድ ክረምት አፍስሶ ደብተሮቹን አበስብሷቸው ነበር፤ እንደ ዕድል ሆኖ ሁሉንም ከዚያ በፊት ወደ ኮምፒውተር ገልብጠው ስለጨረሱ፣ አዴ የበሰበሰውን ለማገዶ አደረገችው። ኮምፒውተሩ ከደብተር ይሻላል ብለው አምነው ነበር። ከነገሯቸው ሽማግሌዎች ደግሞ ብዙዎቹ አልፈዋል።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «አንተ ልጅ፣ እንዳገኝ ይህን ያህል ጊዜ ቀርፎ ቀርፎ ሲነግረኝ እኔም አልሰማሁትም» ብለው ማሽኑን ጥለውልኝ ሄዱ።

በኋላ አዲስ አበባ ወዳለ ዲስክ የሚፈታ ቤት በራሴ ወጪ ላክሁት፤ ሳህኑ ተፍቋል ብለው መለሱልኝ። የተገኘው፣ ልጃቸው ዘንድ አንድ ጊዜ በኢሜይል የላኩላት ፋይል ነው፤ ውስጡ 212 ነበረ። ከ1,400፣ 212።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬ ተለውጧል፤ እናንተም ቤታችሁ ልታደርጉት የምትችሉት ስለሆነ በቅደም ተከተሉ ልናገር። የሚዘገይ ኮምፒውተር ሲመጣ መጀመሪያ ጆሮዬን ነው የማስጠጋው። ድምፅ ካለ ወዲያው አጠፋዋለሁ። በዚያ ማሽን ላይ ምንም «ማስተካከያ» አላካሂድም። ዲስኩን ፈትቼ በዩኤስቢ ገመድ ሌላ ጤነኛ ማሽን ላይ እሰካና መጀመሪያ የማይተካውን እገለብጣለሁ፤ ጽሑፍ፣ ፎቶ፣ የመመረቂያ ወረቀት። ዘፈንና ፊልም ኋላ ይደርሳል። ሊኑክስ የሚችሉ ደግሞ ዲዲሬስክዩ በሚባለው ፕሮግራም መጀመሪያ የሚነበበውን ሁሉ ወስደው እንቢ ያለውን ቦታ ለመጨረሻ ይተዉታል፤ ብልህ ነገር ነው። ዲስክ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ የሚላችሁ ሰው ካለ ዲስኩን ሳይሆን ሰውየውን ክተቱት።

ድምፅ ከሌለ፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ዲስኩ ስለ ራሱ የሚመዘግበውን ጤና ያነባል። ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው። ቢጫ ከሆነ፣ ዛሬ ማታ ገልብጡ፤ «ነገ» አትበሉ። ቀይ ከሆነ ንግግሬን አቋርጣችሁ ሂዱ። ሰማያዊ ስላለ ግን ዘላለም ይኖራል ማለት አይደለም፤ ምንም ሳያስጠነቅቅ የሚሞትም አለ።

ሦስተኛውን ቦታ ቶሎ ቶሎ ልበለው፤ የይለፍ ቃል ካስገባችሁ በኋላ የሚዘገየውን። እሱ ብዙ ጊዜ ዕዳው ቀላል ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ «ስታርታፕ» የሚለው ውስጥ ግቡ። ማሽኑ ሲነሳ አብረው የሚነሱት ፕሮግራሞች እዚያ ተሰልፈዋል። ቴሌግራም አለ፣ ስካይፒ ካረጀው ዘመን ተርፎ አለ፣ የፕሪንተር ፕሮግራም አለ፤ ፕሪንተሩ ግን ከተሸጠ ሁለት ዓመቱ ነው። የማትፈልጉትን «ዲሴብል» በሉ። አይጠፋም፤ ስትፈልጉት ትከፍቱታላችሁ። ፓወር ግዕዝ ወይም ሌላ የአማርኛ መጻፊያ የምትጠቀሙ እሱን ተዉት። በኦሮምኛ ብቻ የምትጽፉ ግን ቁቤው በላቲን ፊደል ስለሆነ መጻፊያ አያስፈልጋችሁም፤ አንድ ፕሮግራም ቀለላችሁ።

ሁለት አንቲቫይረስ የጫናችሁ፣ አንዱን አውርዱ። አንድ ቤት ሁለት ዘበኛ ቀጥራችሁ እርስ በርስ ሲፈታተሹ ያድራሉ፣ ሌባው በመሀል ይገባል። ክራክ እያላችሁ የምትጭኗቸው ፕሮግራሞችም አሉ፤ አልሰብክም፣ ሁላችንም ከየት እንደመጣን እንተዋወቃለን፣ የመኝታ ክፍላችን ውስጥ በአንድ ፍላሽ ስንት ማሽን እንደታመመ የሚያስታውስ አለ። ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ያደረበት ሌሊት! የመመረቂያ ወረቀት ማስረከቢያው ዋዜማ ነበር። ለማንኛውም፣ ከነዚያ ክራኮች ብዙዎቹ ከበስተኋላ የሚሠራ ሌላ ነገር ይዘው ይገባሉ።

ሌላ ትንሽ ነገር። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ሻት ዳውን» ስትሉት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ የስርዓቱን የተወሰነ ክፍል ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው፣ ቶሎ ለመነሳት። ስለዚህ ማታ ማታ እያጠፋችሁትም ለሳምንታት ያልታደሰ ማሽን ሊኖራችሁ ይችላል። በእውነት የሚታደሰው «ሪስታርት» ስትሉት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሪስታርት አድርጉት። ይሄን ብቻ ሰምታችሁ ብትሄዱ እንኳ የምሳችሁን ዋጋ አውጥታችኋል።

አፕዴት የሚባለውን ሳልነካ ባልፍ የወለጋ ሰው አይደለሁም። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ለሦስት ወር ያህል በወለጋ ዞኖች ኢንተርኔት እንደተቋረጠ ታስታውሳላችሁ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው በዚያው መሀል፣ ጥር 5 ቀን ነው። ዓለም ስለዚያ ሲያወራ እኛ ዘንድ ወሬውም አልደረሰም። መስመሩ ሲመለስ የዊንዶውስ 10 ማሽኖች የሦስት ወር አፕዴት በአንድ ጊዜ ማውረድ ጀመሩ፤ ሰው ሁሉ «ኮምፒውተሬ ታመመ» ብሎ ወረረኝ። የታመመ አልነበረም፤ ተርቦ ሰንብቶ እየበላ ነበር። ኔትወርክ ሲቆራረጥ የሚኖር ሰው ይሄ በትንሹ ሁልጊዜ ይገጥመዋል። «እየተዘጋጀ ነው፣ አታጥፉት» ሲላችሁ አታጥፉት። ከስልካችሁ ዳታ የምታጋሩት ከሆነ ደግሞ ያንን ዋይፋይ «ሚተርድ» በሉት፤ አብዛኛውን አፕዴት ያዘገይላችኋል። ግን በወር አንድ ቀን ደህና መስመር ያለበት ቦታ ወስዳችሁ ይብላ።

አሁን ደግሞ የዊንዶውስ 10 ተራ መጥቷል። መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ አሮጌ ፕሮሰሰርም አይቀበልም፤ ከ2010 ዓ.ም. በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ማሽኖች አያልፉም። እኛ ቤት ያሉት ደግሞ ብዙዎቹ እነሱ ናቸው። በጉልበት ዊንዶውስ 11 እንጭንላችኋለን የሚሉ አሉ፤ ይቻላል፣ እኔ ግን ለቤተሰብ ማሽን አልመክርም። ለመጻፍና ድረ ገጽ ለማየት ብቻ ከሆነ ሊኑክስ ሚንት በኤስኤስዲ ላይ ሲጫን አሮጌው ማሽን ወጣት ይሆናል። እናቴ ቤት ያለው በእሱ ነው የሚሠራው፤ ዊንዶውስ አለመሆኑን እስከ ዛሬ አላወቀችም።

መምህሩ ምን ሆኑ ብላችሁ ልትጠይቁኝ ነው። አዎ፣ በአዲስ ኤስኤስዲ ማሽናቸውን መለስኩላቸው፤ ገንዘብ አልተቀበልኩም፣ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ሃያ ሰከንድ ገደማ ነው የሚነሳው። «አሁንማ ቡናው ሳይፈላ ይደርሳል፣ አዴን አስቸገርካት» አሉኝ። እንደገና መሰብሰብ ጀምረዋል። 212ቱ ላይ ተነስተው ባለፈው ስጠይቃቸው 530 አልፈዋል። የጠፋባቸውን አንዳንዱን ያስታውሱታል፤ የነገራቸውን ሰው ድምፅ እያስታወሱ። አንዳንዱን ደግሞ ግማሹን ብቻ።

ፋይሉ አሁን ሦስት ቦታ አለ። አንዱ ማሽኑ ላይ፣ ሁለተኛው ልጃቸው ዘንድ፣ ሦስተኛው እኔ ጥገና ቤት መሳቢያ ውስጥ ባለች ፍላሽ ላይ፤ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ይመጡና አዲሱን ይገለብጣሉ። በየስድስት ወሩ ደግሞ ወረቀት ላይ እናትመዋለን። ይሄን ያሉት እሳቸው ናቸው፦ የኦኔሲሞስ ነሲብና የአስቴር ጋኖ ድካም ያለበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 በብዙ ቅጂ ባይታተም ኖሮ ዛሬ በየት በኩል እናገኘው ነበር ይሉኛል። ታሪክ አስተማሪ ነበሩ፤ አይለቃቸውም።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንት ሰው የመመረቂያ ወረቀቱ አንድ ቦታ ብቻ እንዳለ መጠየቅ አልፈልግም፤ እጃችሁን ስታወጡ እደነግጣለሁ። ከምሳ በኋላ ግን እዚያ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ይዤ እቀመጣለሁ። ላፕቶፕ ይዛችሁ የመጣችሁ አምጡት፤ ዲስኩን በሁለት ደቂቃ አይላችኋለሁ፣ በነፃ ነው። ባዶ ፍላሽ ያላችሁም ይዛችሁ ኑ፤ ቢጫ ያየነውን እዚያው እንገለብጣለን። ዴስክቶፕ ቤት ያላችሁ ሦስቱን ቁጥር ጽፋችሁ ላኩልኝ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ጄኔሬተሩ ያለው በጓሮ በኩል ነው፣ ለኮሚቴው ነግሬያለሁ።